እንዴት ይሠራል? የጥርስ ልክ፣ በትሬ ወይስ በካሜራ

ሰው ሠራሽ ጥርስ ለማስገባት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ቀጥሎ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ይጠይቃል። ልኩ በምን እንደሚወሰድ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ጥርሱ ሲበሉበት ይነቃነቅ እንደሆነ፣ ሲናገሩበት ያፏጭ እንደሆነ፣ ድዱን ያቆስል እንደሆነ በአብዛኛው የሚወሰነው ግን ልክ በተወሰደበት ቀን ነው።

ዛሬ ልክ የሚወሰድበት መንገድ ሁለት ነው። አንዱ የቆየው ነው፤ ትሬ የሚባለው የብረት ወይም የፕላስቲክ ማቀፊያ ለስላሳ ማቴሪያል ተሞልቶ አፍ ውስጥ ይገባል፣ ማቴሪያሉ እስኪረጋ ይጠበቃል፣ ከዚያ ይወጣል። ሁለተኛው አዲሱ ነው፤ ሐኪሙ ስካነር የሚባለውን፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለውን እጀታ አፍ ውስጥ ያዘዋውራል፣ የጥርሱና የድዱ ቅርጽ ኮምፒውተሩ ላይ እየተሳለ ይወጣል። አዲሱ ይሻላል ብሎ መደምደም ይቀናል። ኢምፕላንት በሚባለው፣ አጥንት ውስጥ በሚተከለው ሰው ሠራሽ ሥር ላይ ጠቅ ብሎ ለሚያዝ ጥርስ ግን ነገሩ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል።

አቃቂ ላይ የሚታወቅ ሥራ

ለአቃቂ ቃሊቲ ሰው ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቀድሞ አቃቂ መለዋወጫ፣ በኋላ አቃቂ መሠረታዊ ብረታ ብረት የተባለውን ፋብሪካ የማያውቅ የሰፈሩ ሰው ጥቂት ነው። ብረት በሚቀልጥበት ቤት አንድ የማሽን ዕቃ ሲወጣ መጀመሪያ ሞዴሉ ይሠራል። ሞዴሉ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ አሸዋው ዙሪያውን ይጠቀጠቃል። ሞዴሉ ሲወጣ ቅርጹን የያዘ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ የቀለጠው ብረት ያንን ይሞላል። ሞዴል ሠሪው የማይዘነጋው ነገር ብረት ሲቀዘቅዝ መኮማተሩን ነው፤ ካስት አይረን 1 በመቶ ያህል፣ ስቲል 2 በመቶ ያህል። ስለዚህ ሞዴሉን ከሚፈለገው ዕቃ በዚያው መጠን አሳድጎ ይሠራዋል። ይህን የዘነጋ ሰው ጥርሱ የማይገጥም ጊር ያወጣል።

የአፍ ልክም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። አፍ ሞዴሉ ነው፤ በትሬ የወጣው ማቴሪያል ሻጋታው ነው፤ ላብ በሚባለው የጥርስ መሥሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚፈስበት ጄሶ ደግሞ ዕቃው ነው። ልዩነቱ መለኪያው ላይ ነው። እዚህ የሚቆጠረው በማይክሮን፣ ማለትም አንዱ ሚሊ ሜትር ለሺህ ተከፍሎ ነው። ማክሊን እና ፎን ፍራውንሆፈር የተባሉ ተመራማሪዎች ከ1,000 በላይ ተሠርተው የገቡ ጥርሶችን ለ5 ዓመት ከተከታተሉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት ክራውን በሚባለው የጥርስ ልባስና በጥርሱ ጠርዝ መካከል የሚቀረው ክፍተት ከ120 ማይክሮን ባይበልጥ ይመረጣል አሉ። ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ የሙያው መመዘኛ ሆኖ ይጠቀሳል። ውፍረቱ ከራስ ፀጉር ብዙም አይርቅም።

ሁለቱንም መንገዶች ለመመዘን የሚረዳው ጥያቄም ከዚሁ ይመጣል፤ ቅርጹ ከአፍ ተነሥቶ ጥርስ እስኪሆን ድረስ ስንት ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል? በየርክክቡ ጥቂት ማይክሮን ይጠፋልና።

ትሬው ሲገባ

ርካሹና በብዛት የሚሠራበት ማቴሪያል አልጂኔት ይባላል። ከባሕር አረም የሚገኝ ዱቄት ሲሆን ውሃ ሲነካው ደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል። ረዳቷ ዱቄቱንና ውሃውን ለክታ ጎማ ሳህን ላይ ትጨምራለች፤ ከዚያም በሰፊ ስፓቹላ የሳህኑ ግድግዳ ላይ እየጨፈለቀች ታሸዋለች። ቀለም የሚቀይረው ዓይነት ከሆነ ሐምራዊ ሆኖ ይጀምርና ወደ ሮዝ ይሄዳል፤ ቀለሙ ትሬ የሚሞላበትንና አፍ ውስጥ የሚገባበትን ሰዓት ይነግራታል። ውሃው ሞቅ ካለ ቶሎ ይረጋል፣ ከቀዘቀዘ ይዘገያል። ስለዚህ የማለዳ የቧንቧ ውሃና የቀትር ውሃ እኩል ጊዜ አይሰጡም። ልምድ ያላት ረዳት ይህን ሳትለካ ታውቀዋለች።

የአልጂኔት ድክመት አብዛኛው ውሃ መሆኑ ነው። ጠረጴዛ ላይ ከተተወ ይደርቅና ይኮማተራል፤ ውሃ ውስጥ ከተነከረ ያብጣል። ጄሶው ወዲያው፣ ቢዘገይ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊፈስበት ይገባል። እስከዚያ በእርጥብ ሶፍት ተሸፍኖ በተዘጋ ከረጢት ይቆያል።

ለክራውን፣ ብሪጅ ለሚባለው የጎደለ ጥርስ ድልድይና ለኢምፕላንት ሲሊኮን ይመረጣል። ጠጣሩና ቀጭኑ አብረው ይሠራሉ፤ ጠጣሩ በእጅ ታሽቶ ትሬውን ይሞላል፣ ቀጭኑ በመርፌ መሰል መሣሪያ ጥርሱ ዙሪያ ይረጫል። ሲሊኮንም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሲረጋ አልኮል እያወጣ ይኮማተራልና ቶሎ ጄሶ ይፈልጋል። ሁለተኛው፣ አዲሽን ሲሊኮን የሚባለው፣ ምንም ስለማያወጣ ቀናት ቢቆይም መጠኑን አይለቅም። ይህኛው የሚፈራው የላቴክስ ጓንትን ነው፤ ጓንቱ ላይ ያለው ድኝ እንዳይረጋ ያደርገዋል። ሐኪሙ ማቴሪያሉን ከማሸቱ በፊት ጓንት ሲቀይር ካዩ ምክንያቱ ይህ ነው።

ጄሶው ደግሞ ሲደርቅ በትንሹ ይሰፋል፤ ለጥርስ ሥራ የሚመረጠው ጠንካራው ዓይነት 0.1 በመቶ ገደማ። አንዱ ሲኮማተር ሌላው መስፋቱ ስሕተቱን በከፊል ያቻችላል። ሞዴሉን አሳድጎ የሚሠራው የብረት ባለሙያ ያወቀው ዘዴ እዚህም ይሠራል።

ካሜራው ሲገባ

በብርሃን ልክ መውሰድ የትናንት ሐሳብ አይደለም። ፈረንሳዊው ፍራንሷ ዱሬ ሐሳቡን በመመረቂያ ጽሑፉ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ዙሪክ ላይ ደግሞ የጥርስ ሐኪሙ ቨርነር ሞርማንና መሐንዲሱ ማርኮ ብራንደስቲኒ ሴሬክ በተባለው መሣሪያቸው በ1985 የመጀመሪያውን ታካሚ አከሙ። በዚያ ዘመን ጥርሱ እንዳያብለጨልጭ ነጭ ዱቄት ይነሰነስበት ነበር። አሁን ያሉት መሣሪያዎች አብዛኞቹ ይህን አይጠይቁም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከእጀታው ጫፍ የሚወጣው ብርሃን ጥርሱ ላይ ሲያርፍ ካሜራው ተመልሶ የሚመጣውን ያነባል፤ ከዚያም እያንዳንዱ ነጥብ ምን ያህል እንደሚርቅ ያሰላል። በእያንዳንዱ ሰከንድ ብዙ ምስሎች ይነሣሉ። ኮምፒውተሩ አንዱን ምስል ከሚቀጥለው ጋር የሚያጋጥመው ሁለቱም ላይ የሚታየውን የጋራ ቦታ እያየ ነው። መጨረሻ ላይ የሚገኘው በሺዎች ከሚቆጠሩ ጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች የተሠራ ፋይል ነው። ስክሪኑ ላይ ቀዳዳ ከታየ ያ ቦታ አልተነበበምና ሐኪሙ ይመለስበታል። ይህ የስካነሩ ትልቁ ጥቅም ነው፤ ስሕተቱ ታካሚው ከወንበሩ ሳይነሣ ይታያል። በትሬ የተወሰደ ልክ ላይ ግን ትንሽ የአየር አረፋ ሳትታይ አልፋ ጄሶው ላይ እብጠት ሆና ልትወጣ ትችላለች።

ድክመቱም ከዚሁ ማገጣጠም ይመጣል። አንዱ ምስል ሲጋጠም የምትፈጠር ጥቃቅን ስሕተት ወደ ቀጣዩ ትሸጋገራለች። ሁለት ሦስት ጥርስ ላይ አትታይም፤ ከአንደኛው መንጋጋ ጫፍ እስከ ሌላኛው ሲኬድ ግን ተደማምራ ትሰማለች። ማጋጠሚያ ምልክት የሚሆነው የጥርስ ጉብታና ጎድጓዳ ነው፤ ጥርስ የሌለበት ለስላሳ፣ እርጥብና ተንቀሳቃሽ ድድ ላይ ሶፍትዌሩ የሚይዘው ያጣል። ደምና ምራቅም ብርሃኑን ይጋርዳሉ። ካሜራው ብርሃን የሚደርስበትን ብቻ ነው የሚያየው፤ ከድድ በታች የተደበቀ ጠርዝ ካለ ድዱን በክር ፈልቀቅ ማድረግ የግድ ነው። ይህ ጣጣ ለሲሊኮንም አይቀርም።

ጥርሱ ጠቅ ብሎ ሲያዝ

እንበል አንዲት እናት አሉ፤ ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፏል፣ የታችኛው ጥርሳቸው በሙሉ ወልቋል። የላይኛው ሰው ሠራሽ ጥርስ ላንቃቸው ላይ ተመጥጦ ይያዛል፤ የታችኛው ግን ምላስ እየገፋው፣ ጉንጭ እየጎተተው አልረጋ ብሏቸዋል። ፍርፍርና ሽሮ ይበላሉ፤ ቆሎ ከተዉ ቆይተዋል።

እንዲህ ላለው ሰው ከታች በግራና በቀኝ በክራንቻ ጥርስ ቦታ ሁለት ኢምፕላንት ተክሎ ጥርሱን እዚያ ላይ ማሰር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሞንትሪያል፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ታችኛው መንጋጋቸው ጥርስ አልባ ለሆነባቸው ሰዎች የመጀመሪያው ምርጫ ይህ ይሁን ብለው ተስማምተዋል። ጥርሱን ከኢምፕላንቱ ጋር የሚያገናኘው ማያያዣ ባለሙያዎች አታችመንት የሚሉት ነው። ኳስ፣ ባር፣ ሎኬተር የሚባሉ ዓይነቶች አሉት።

ሎኬተሩን እንይ። ኢምፕላንቱ ላይ አጭር የብረት አንገት ይታሰራል። ጥርሱ ሆድ ውስጥ ደግሞ ትንሽ የብረት ቆብ ይቀበራል፤ ቆቡ ውስጥ የሚለወጥ ናይለን አለ። ጥርሱ ሲጫን ናይለኑ አንገቱ ላይ ጠቅ ይላል። ከመደበኛዎቹ ናይለኖች ቀለም የሌለው በ2.3 ኪሎ ያህል ኃይል ይይዛል፣ ሮዙ በ1.4፣ ሰማያዊው በ0.7። እጃቸው የደከመ አዛውንት በሰማያዊው ይጀምራሉ፤ ጥርሱን በቀላሉ ማውለቅ አለባቸውና። ናይለኑ እያደር ይላላል፤ ያኔ እሱ ብቻ ይቀየራል እንጂ ጥርሱ አዲስ አይሠራም።

ታዲያ ቆቡ ጥርሱ ሆድ ውስጥ ትክክለኛ ቦታውን እንዴት ያገኛል? በትሬ መንገድ አንገቱ ላይ የልክ መውሰጃ ቆብ ይደረጋል፣ ትሬው ሲወጣ ቆቡን ይዞት ይወጣል፣ ላብ ውስጥ የአንገቱ ምትክ ብረት ገብቶበት ጄሶ ይፈሳል። በካሜራ መንገድ ቅርጹ በሶፍትዌሩ የሚታወቅ ትንሽ ምሰሶ ኢምፕላንቱ ላይ ይታሰራል፤ ስካነሩ ምሰሶውን ሲያይ ከሥሩ ያለው ኢምፕላንት የትና በምን አቅጣጫ እንዳለ ያሰላል።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ብዙ ሐኪሞች የሚያምኑት እሱን ነው። ጥርሱ ቀድሞ ይሠራል፣ ሆዱ ላይ ለቆቦቹ ቦታ ይቦረቦራል። ሐኪሙ አፍ ውስጥ አንገቶቹን በነጭ ቀለበት ይሸፍናል፣ ቆቦቹን ጥቁር የሥራ ናይለን እንደያዙ ያስቀምጥባቸዋል፣ ቀዳዳው ውስጥ ጥቂት ራሱ የሚደርቅ አክሪሊክ ያደርግና ጥርሱን አፍ ውስጥ ያስገባል። እናታችን ቀስ ብለው ነክሰው ይቆያሉ። ሲደርቅ ጥርሱ ቆቦቹን ይዞ ይወጣል፤ ጥቁሩ ናይለን ወጥቶ ቋሚው ይገባል። ነጩ ቀለበት በደንብ ካልተቀመጠ አክሪሊኩ ከአንገቱ ሥር ገብቶ ይደርቅና ጥርሱ አልወጣም ይላል። ሐኪም የማይወደው ቀን ያ ነው። ሥራው በጥንቃቄ ከተሠራ ግን ማያያዣው ልኩን ያገኘው ከራሱ ከአፉ ነው፤ በመሀል የተረካከበ የለም።

ድዱ ግን ይቀራል፤ ጥርሱ ሲነከስበት ክብደቱን በከፊል የሚሸከመው እሱ ነው። አጥንት የያዘው ኢምፕላንት ወደ ታች የሚንቀሳቀሰው ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ብቻ ነው። ድድ ግን ሲጫኑት ከዚህ በብዙ እጥፍ ይሰምጣል። ስካነሩ የሚያየው ማንም ያልተጫነውን ድድ ነው። ትሬው ግን ሐኪሙ በፈለገው መጠን ድዱን ተጭኖ፣ ጉንጭና ምላስ እያንቀሳቀሰ፣ ጠርዙ የት ላይ መቆም እንዳለበት ያሳያል። ሙሉ ጥርስ አልባ አፍ ላይ ትሬው እስከ ዛሬ ቦታውን ያልለቀቀው በዚህ ነው።

አራት ወይም ከዚያ በላይ ኢምፕላንቶችን በአንድ ባር ማሰር ሲመጣ ጥንቃቄው ይጨምራል። ባሩ ሁሉም ላይ ሳይገደድ መቀመጥ አለበት። ጥርስ ሲገፋ በአጥንቱና በሥሩ መካከል ያለው ጅማት ጥቂት ቦታ ይሰጠዋል፤ ኢምፕላንት ያ ጅማት የለውም። የተጣመመ ባር በብሎን ኃይል ከተጠጋ ጫናው ብሎኑ ላይና አጥንቱ ላይ ይቀራል።

አታችመንት የሚለው ቃል ጥርስ ለማስተካከልም ይመጣል። ጥርሱን በግልጽ ፕላስቲክ የሚያስተካክሉ ሰዎች ጥርሳቸው ላይ በጥርሱ ቀለም የተሠሩ ትናንሽ ጉብታዎች ይለጠፉላቸዋል፤ ፕላስቲኩ እነሱን ይዞ ጥርሱን ይገፋል። እዚህ ጥርሶቹ ሁሉ ስላሉና ተከታታዩ ፕላስቲክ የሚነደፈው ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ስካነሩ ያለ ብዙ ክርክር ይመረጣል።

ከቃሊቲ እስከ ላብ

ክሊኒኩና ላቡ አንድ ግቢ ካልሆኑ ልኩ ይጓዛል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ ድረስ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በታክሲ ሲሆን ጉዞውን የሚወስነው መንገዱ ነው። በሶፍት የተጠቀለለ አልጂኔት ይዞ መጨናነቅ ውስጥ መቆም ማለት ልኩ በየደቂቃው እየተኮማተረ ነው ማለት ነው። ጠንቃቃ ክሊኒክ ጄሶውን እዚያው አፍስሶ የደረቀውን ይልካል። ፋይል ግን መንገድ አይዘጋበትም፤ ኢንተርኔት ካለ በደቂቃዎች ይደርሳል፣ ከተበላሸም እንደገና ይላካል።

ስካነሩም የራሱ ጣጣ አለው። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ በባትሪ ይቆያል እንጂ ቀኑን ሙሉ አይሠራም። አልጂኔት የሚፈልገው ሳህንና ውሃ ነው። በእጅ የሚነካ ሞዴል ካስፈለገ ፋይሉ በሦስት ገጽታ ማተሚያ ይታተማል፤ የሚታተመው ሬዚንም ሲጠነክር ይኮማተራል። ማለትም ፋይል ያስቀረው ርክክብ በሌላ በር ይገባል። ላቡ ፋይል መቀበል ካልቻለና ሥራውን በጄሶ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ስካነሩ ትርፉ ጥቂት ነው።

ዋጋው ሌላ ነው። ሲሊኮኑም ስካነሩም ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሁለቱም ዋጋ ጨምሯል። ሲሊኮን በየታካሚው ያልቃል። ስካነር አንዴ በሺዎች ዶላር ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀየር ጫፍና የሶፍትዌር ክፍያ ይከተለዋል። ይህ ወጪ በመጨረሻ ሒሳቡ ላይ ይታያል።

የቱ ለማን?

አንድ ክራውን፣ አጭር ብሪጅ ወይም አንድ ኢምፕላንት ከሆነ፣ ሠሪው እጁ የፈታ ከሆነ ስካነሩ ከትሬው አያንስም፤ ለታካሚው ደግሞ ይቀለዋል። ማስታወክ የሚቀናው፣ አፉን ብዙ መክፈት የማይችል ወይም ጥርሱ የተነቃነቀ ሰውም ካሜራውን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ የረጋ ሲሊኮን ሲወጣ የላላ ጥርስ ይጎትታልና። ካሜራ በሌለበት፣ ትሬው ሲገባ ጭንቅላትን ወደ ፊት ዘንበል አድርጎ በአፍንጫ መተንፈስ ብዙ ይረዳል።

ሙሉ ጥርስ አልባ አፍ፣ ድድ ላይ የሚያርፍ ጥርስ፣ ብዙ ኢምፕላንት የሚያስር ባር ሲሆን ግን ጥሩ ትሬና ጥሩ ሲሊኮን ዛሬም የታመኑ ናቸው። ሁለቱን ማቀላቀልም ይቻላል፤ የድዱን ልክ በትሬ ወስዶ፣ ማያያዣውን አፍ ውስጥ መያዝ።

ወንበሩ ላይ ከመቀመጥዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ። ጥርሱን የሚሠራው ላብ የት ነው? ልኩ ወደዚያ የሚሄደው በምን መልክ ነው? ማያያዣው የሚያዘው አፍ ውስጥ ነው ወይስ ላብ ውስጥ? ናይለኑ ሲላላ ተተኪው እዚሁ ይገኛል? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ አይለፍዎት፤ ናይለኑ ከአገር ውስጥ ካልተገኘ ውድ የተከፈለበት ጥርስ ተመልሶ እንደ ድሮው ይነቃነቃል። እነዚህን ጥያቄዎች ያለ ማመንታት የሚመልስ ሐኪም በእጁ ትሬም ይያዝ ካሜራ፣ አፍዎን ቢሰጡት አይቆጭዎትም።